በረዶ የማይሠራ፣ ሲጠጡት የማይገድል ውሃ

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲያነቡ እንደሚስቁ አውቃለሁ። አዋሽ ጣቢያ ሳለሁ ባቡሩ ድልድዩ ላይ ቆሞ አዞ እየጫነ ነው ብዬ ግማሹን ሰፈር በቀትር ፀሐይ ያስሮጥኩት እኔ ነኝ። እሱ ውሸት ነበር። ይኼኛው ግን ውሸት ከሆነ ቅዱስ ሚካኤል ምላሴን ይቆልፈው፤ እጄንም አብሮ ይቆልፈው፣ የምጽፈው በእጄ ነውና። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ፊደል ብሳሳት ይቅር በሉኝ፤ ነገሩን ግን አልሳሳትም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ዱብቲ፣ የጥጥ እርሻው ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ ይህ ነው የሚባል ስም አልነበረውም፤ ጎማ ሲፈነዳ ጎሚስታ፣ መኪና ሲነሳ ረዳት፣ መፍቻ ሲጠፋ ደግሞ ሌባ እባላለሁ። ስሜ ቢሰጥ ነው። አብሬው የምጓዘው ሾፌር ከማሉዲን የሚባል የባቲ ልጅ ነው። ከማልን ለማያውቅ ሰው እንዴት ብዬ ላስረዳ? መኪና ከማስነሳቱ በፊት ዙሪያውን ይዞራል። ጎማዎቹን በሙሉ በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። ከዚያ በርከክ ብሎ ከሥር ያያል፤ ፍየል ተኝታ እንደሆነ። ፍየል ተኝታ አታውቅም። እኔ ጋቢና ውስጥ በላብ ተጠምቄ እጠብቃለሁ። «ከማል፣ እንሂድ እንጂ» ስለው «ቆይ» ይላል። የዚያን ሰው «ቆይ» ሰብስቤ ብደረድረው ከዱብቲ አሰብ ይደርስ ነበር።

በዚያ ዓመት እርሻው አዲስ የጭነት መኪና አመጣ። ከፊት መስታወቱ ሥር ሁለት ቀጫጭን አፍንጫዎች ብቅ ብለዋል፤ ኮፈኑ ውስጥ ደግሞ ውሃ የሚይዝ የፕላስቲክ ዕቃ ተሰቅሏል። ሾፌሩ መሪው አጠገብ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ሲጫናት ውሃው በአፍንጫዎቹ ተፈናጥሮ መስታወቱን ያርሰዋል፤ መጥረጊያው ይከተልና ያጸዳዋል። ዱብቲ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። እኔማ አላስችል ብሎኝ አንደኛውን አፍንጫ በፒንሳ ወደ ውጭ ጠመዘዝኩና የእርሻው ዘበኛ በፊታችን ሲያልፍ ቁልፏን ተጫንኳት። ሰውዬው በጠራራ ፀሐይ ዝናብ መጣ ብሎ ካፖርቱን ሊያመጣ ሮጠ። ከማል ወርዶ ይቅርታ ጠየቀው፤ ከዚያ አፍንጫውን ሊያቃና ተቀመጠ። ሲያቃና ዋለ ብል ይሻላል።

ችግሩ የተነሳው ኅዳር ላይ ነው። ጥጥ ጭነን ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ ደብረ ሲናን አልፈን ጣርማ በር ላይ በማለዳ ደረስን። ዱብቲ ሸሚዝ የሚያስወልቀው ኅዳር ጣርማ በር ላይ ውርጭ ነው። ጉሙ መስታወቱ ላይ አርፎ ይጋገራል፤ የመንገዱ አቧራና የፊተኛው መኪና ጭስ ደግሞ በላዩ ይለጠፍበታል። ከማል ቁልፏን ቢጫን ቢጫን ጠብ የሚል ነገር የለም። ወርጄ ኮፈኑን ብከፍት ዕቃው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኗል፤ ብታንኳኩት ይጮኻል። ከማል ምንም ሳያይ መኪናውን ወደ ዳር አስጠጋለሁ ሲል የድንጋዩን አጥር ፈተገውና አንዱ የፊት መብራት ረገፈ። ሰው አልተጎዳም። ወሬው ግን ባቲ ከእኛ ቀድሞ ደረሰ።

ጉዳቱ ባቲ መድረሱ ነው። ከማል በዚያ ሰሞን የሀጂ ጣሃን ልጅ ሰኢዳን ፈልጎ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሀጂ ጣሃ ባቲ ገበያ ላይ የተከበሩ ነጋዴ ናቸው፤ ቃላቸው ሲወጣ ሰው ጆሮውን ያቆማል። ለሽማግሌዎቹ የሰጡት መልስ ይህ ነበር፦ ሾፌር ሁሉ ጠጪ ነው፤ አጥር የሚፈትገውም ጠጥቶ ነው፤ ቢሆንም ዓይኔ ሳያይ አልፈርድም። በሚመጣው ጉዞ ከባቲ እስከ አዲስ አበባ አጠገቡ ተቀምጬ እሄዳለሁ፤ ልጄን የምሰጠው ወይም የምከለክለው ከዚያ በኋላ ነው። ከማል ይህን ሲሰማ እህል መቅመስ ተወ። ሰኢዳን ማግኘቱና ማጣቱ ጣርማ በር ላይ የሚረጭ ውሃ በማግኘቱና በማጣቱ ላይ ተንጠለጠለ።

የጋራዡ አለቃ ጋሼ አስናቀ አሥመራ የሠለጠነ መካኒክ ነው። ነገሩን ስንነግረው ሳቀብን። ፈረንጅ አገር በብርዱ ወራት ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ አለን፤ እዚህ ስለማይገኝ ግን እኛው እንሠራዋለን፤ ውሃ፣ ስፒርቶ፣ ጠብታ ሳሙና፣ አለቀ። ስፒርቶ ያለበት ነገር ቶሎ በረዶ አይሠራም። ክሊኒኩ ስፒርቶ ከከለከለን ጠንካራ አረቄም ይሆናል። እኔ ጀሪካን ላነሳ ስል ከማል «አይሆንም» አለ።

ሽታውን ፈርቶ መሰለኝ። ሀጂ ጣሃ አጠገቡ ተቀምጠው መስታወቱ አረቄ አረቄ ቢሸት ምን እንደሚከተል ለማንም ግልጽ ነው። ስለዚህ ስፒርቶው ይቅር፣ ላምባ እንጨምርበት አልኩ። ላምባም አይሆንም አለ። ፈረንጆቹ ራዲያተር ውስጥ የሚጨምሩት መድኃኒትስ? እሱም አይሆንም።

«እሱ ደግሞ ምን አደረገህ?»

«ሰው ቢጠጣውስ?»

«የመኪና መስታወት ማጠቢያ የሚጠጣ ማን ነው?»

«አንተ» አለኝ። «ሰርዶ ላይ ጎማ ሲፈነዳብን በላስቲክ ቱቦ የመጠጥከው ማን ነበርክ?»

እውነቱን ነው፤ ጠጥቻለሁ። ላስቲክ ላስቲክ ይላል እንጂ ውሃ ውሃ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ከዱብቲ እስከ ሚሌ፣ ከሚሌ እስከ ባቲ ሥር ድረስ ባዶ የውሃ ቆዳውን ዘቅዝቆ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ካዩ መኪና ያቆማሉ። ይህን የጻፈ ሹም የለም፤ የማያቆም ሾፌር ግን ነገ ጎማው ሲፈነዳ ማን እንደሚያቆምለት ያውቃል። መጀመሪያ የጀሪካኑ ውሃ ይሰጣል። እሱ ካለቀ ለራዲያተሩ የተያዘው ይሰጣል። አዲሱ መኪና ከመጣ ወዲህ ደግሞ ግመል ጠባቂዎቹ ኮፈኑ ውስጥ የተሰቀለችውን ዕቃ ለምደዋታል፤ ውሃ መሆኑን ካዩ ጠይቀው አይደለም፣ ራሳቸው ኮፈኑን ከፍተው ይቀዳሉ። የተጠማ ሰው ውሃ ለመጠጣት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ያለው ሰውም ይሄ ለሌላ ነው አይልም።

በዕቃዋ ላይ «አይጠጣም» ብለን እንጻፍባት አልኩ። ከማል ማን ሊያነበው ነው፣ በምን ቋንቋስ ትጽፈዋለህ አለኝ። እሺ፣ የራስ ቅልና ሁለት አጥንት እንሳልባት። ጋሼ አስናቀ ከመኪና ሥር ሆኖ ሰምቶን የአጥንት መረቅ ነው ብለው ጭራሽ ይሻሙባታል አለ። እኔ ተናደድኩ። በዓለም ላይ ስንትና ስንት ሾፌር አለ፤ ለእኔ የደረሰኝ በጣርማ በር ብርድ በረዶ የማይሠራ፣ በሚሌ ሐሩር ደግሞ ሲጠጡት የማይገድል፣ በዚያ ላይ ሐላል የሆነ ውሃ ካላመጣህ የሚል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ገነት ውስጥ ካለ እንጂ ዱብቲ ውስጥ የለም አልኩት። «ቆይ» አለኝ።

መጀመሪያ በጨው ሞከርን። የጨው ውሃ ቶሎ እንደማይረጋ ከባሕር ሰዎች ሰምቻለሁ። ግን ዱብቲ ላይ ብርድ ከየት ይመጣል? ብርድ ያለው በፈረንጆቹ ክበብ፣ በላምባ በሚሠራው ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ነው፤ የፍሪጁ ጌታ ደግሞ ወጥ ቤቱ ጥጋቡ ነው። ጥጋቡ ያንን ፍሪጅ እንደ ታቦት ነበር የሚጠብቀው። ከማል ለምኖት ለምኖት የጨው ውሃችንን በጠርሙስ አስገባልን። በማግሥቱ ስንመለስ ጠርሙሱ የለም። ጥጥ ሊያይ የመጣ እንግዳ ቀዝቃዛ ውሃ ሲል ጥጋቡ ተሳስቶ የእኛን ቀድቶለታል። እንግዳው በሙሉ ጨልጦ የአገራችሁ የማዕድን ውሃ ብርቱ ነው፣ ለሆድ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ሌላ አስጨመረ አሉ። ከሰዓት በኋላ ጥጡን አላየም፤ ያየው ሌላ ቦታ ነው። በሁለተኛው ጠርሙስ ሞከርን፤ በእርግጥም አልረጋም። መስታወቱ ላይ ስንረጨው ግን በፀሐዩ ደርቆ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ አስመሰለው። ከማል ራሱን ነቀነቀ። ቢሆንም ባይሆንም ለተጠማ ሰው የጨው ውሃ መስጠት ነውር ነው አለ። ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ቆይ ብዬህ ነበር እኮ አለኝ።

ከዚያ ስኳር መጣ። ሐሳቡ የከማል ነው፤ የኔ ነው የሚል ካለ አሁኑኑ ይስማ፣ የኔ አይደለም። ሻይ ሲያፈላ የወፈረ የስኳር ውሃ ፍሪጅ ውስጥ እንደማይረጋ ጥጋቡ ነግሮት ነበር። ማር እስኪመስል ስኳር በጠበጥን፤ ፍሪጁ ውስጥ አደረ፤ አልረጋም። ሐላል ነው። ይጠጣል። የከማል ፊት በራ። እኔ ግን መስታወቱ ላይ የተረጨው ስኳር ጣቴን ይዞ አልለቅ ሲል አየሁ፤ የዱብቲ ዝንብም በሙሉ ተጠራርቶ መጣ። በውሃ ይቀጥናል አለኝ። ቢቀጥን ይረጋል፣ ባይቀጥን ይጣበቃል አልኩት። ሀጂ እኮ አይሸታቸውም አለኝ።

ጉዞው ታኅሣሥ ላይ ሆነ። የስኳሩን ውሃ ዕቃዋ ውስጥ ሞልተን፣ መጠባበቂያ ስኳር በከረጢት ይዘን ወጣን። ዛሬ ሰመራ የምትባለው ከተማ ያለችበት ቦታ ያኔ ድንጋይና ንፋስ ብቻ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ ሀምዳ የሚባል ግመል ጠባቂ ከልጆቹ ጋር ቆዳ ዘቅዝቆ ቆሟል። ከማል ያውቀዋል። ጀሪካኑን ሰጠነው፤ ግመሎቻቸውን ይጠብቁ የነበሩ ሌሎች ሰዎችም መጡ፤ ጀሪካኑ አለቀ። ሀምዳ ኮፈኑን ከፈተ። እኔ ልናገር ስል ከማል በክርኑ ጎሸመኝ። ሀምዳ ቀመሰው። እንደገና ቀመሰው። ከዚያ ልጆቹን ጠራና አንድ በአንድ አቀመሳቸው፤ ሲጨርሱ መኪናዋን እንደ ታለበች ግመል ጎኗን ዳበስ ዳበስ አደረጋት።

አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ያየውንና የሰማውን አንዳች ሳያስቀር ለሌላው ይነግራል። ያንን ያህል እንደሚፈጥን ግን አላውቅም ነበር። ሎግያ ስንደርስ ሰው ይጠብቀናል። ሚሌ ስንደርስ ሴቶች ጣሳ ይዘው፣ ሽማግሌዎች በምርኩዝ ተደግፈው ይጠብቁናል። ሻይ የምታጠባው መኪና መጣች እየተባለ ነው። ከማል በየቦታው ቆመ። በየቦታው ከጀሪካን ውሃ፣ ከከረጢት ስኳር እየቀላቀለ ሞላ። ከማል፣ ይሄ ለጣርማ በር ነው አልኩት። አውቃለሁ አለ። ሰኢዳስ? እሷንም አውቃለሁ አለ። ባቲ ስንደርስ ከረጢቱ ባዶ ነው፤ ዕቃዋም ባዶ ነች። የገበያው ቀን ስላልነበረ ስኳር በየሱቁ ብንፈልግ የተገኘው ለአንድ ጀበና የሚሆን ነው። ዕቃዋን በባቲ ውሃ ሞላናት፤ ጣርማ በር ላይ ድንጋይ በሆነው በዚያው ዓይነት ውሃ።

ሀጂ ጣሃ በነጭ ጥምጣማቸው መጥተው በእኔና በከማል መካከል ተቀመጡ። አብረውን ከዱብቲ የመጡትን ዝንቦች አዩ። መስታወቱን በጣታቸው ነኩት፤ ጣታቸው ተጣበቀ፤ ጎትተው አላቀቁት። ዓርብ ዕለት መርካቶ ወንድማቸው ስለሚጠብቃቸው ጁምዓን እዚያ መስገድ እንዳለባቸው ብቻ ተናገሩ። ከማል ኢንሻአላህ አለ። ኮምቦልቻ ስንቆም እኔ ሹልክ ብዬ ከአረቄ ሻጯ ከአስረሳሽ ቤት አንድ ጠርሙስ ካቲካላ ገዛሁና በጨርቅ ጠቅልዬ ከመቀመጫው ሥር ሸሸግሁት። ለማንም አልነገርኩም። ከማል ግትር ሆኖ ልጅቷን ሊያጣ ነው፤ ጣርማ በር ላይ ነገሩ ከጠና ሀጂ ሲያንቀላፉ መስታወቱን በአረቄ ላጥበው ነው ያሰብኩት። ሀጂ ጣሃ የማያንቀላፉ ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት ሸዋ ሮቢትን ካለፍን በኋላ ነው። እጃቸውን አጣጥፈው የከማልን እጅ እያዩ ሄዱ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ከደብረ ሲና ተነስተን ዳገቱን ጀመርን። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተጎተተ ይወጣል። ውርጩ እንዳለፈው ጊዜ መስታወቱ ላይ መቀመጥ ጀመረ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን የስኳሩ ልጥፍ ስላለ መያዣ አገኘ፤ ውርጭ፣ ስኳር፣ አቧራ፣ የሞተ ዝንብ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ከማል ቁልፏን ተጫናት። ምንም የለም። ሁለተኛም ተጫናት። ከዚያ ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኝ ቀስ ብሎ ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ። እኔ ወርጄ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደግፌ ተመለስኩ።

ሀጂ ምን ሆነ ሲሉት አላይም አለ። ከኋላችን የመጣ አውቶቡስ ጥሩምባውን እያንባረቀ አለፈን፤ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቷል። ቀጥሎ የጭነት መኪና አለፈ፤ ረዳቱ አናታችን ላይ ስድብ ጣለብን። ሀጂ ጣሃ እያንዳንዱን በዓይናቸው ሸኙት። ጁምዓ እየሸሸ ነው።

«ያ ሾፌር አይቶ ሲሄድ አንተ እንዴት አታይም?» አሉት።

«እሱም አላየም፣ ሀጂ። ሄደ እንጂ።»

ሀጂ ወደ እኔ ዞሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ፊታቸው ላይ ያየሁት የራሴን ፊት ነው፤ እኔ ይህን ፊት ከከማል ጋር በሠራሁ ቁጥር ለብሼዋለሁ። አዘንኩላቸው። ኮፈኑን ልይ ብዬ ጨርቄን ይዤ ወረድኩ። ኮፈኑን ከፍቼ ከጀርባው ተሸሸግሁና ጠርሙሱን አወጣሁ። እጄ በብርዱ ደንዝዞ ስለነበር ቡሹ አልወጣ አለኝ፤ በጥርሴ ነቀልኩት። አንድ ጊዜም ጎንጨት አልኩ፤ ብርድ ነው፣ ማን ይፈርድብኛል? ጣርማ በር ላይ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ሽታውን አንስቶ በመስኮቱ ወደ ጋቢናው ይዞት ገባ።

ሀጂ ጣሃ ወረዱ፤ ከማልም ተከተላቸው። ጠርሙሱን አዩ። ከዚያ ከማልን አዩት።

«የሰማሁት ይኼን ነበር» አሉ።

የኔ ነው አልኩ። ከማል ስለዚህ ጠርሙስ አንዳች አያውቅም፣ ኮምቦልቻ ከአስረሳሽ የገዛሁት እኔ ነኝ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ እውነት ተናግሬ አላውቅም። ሀጂ ግን ስለ እኔ ባቲ ላይ የሰሙት አለ፤ አዞ ስለጫነው ባቡር ሳይቀር ሰምተዋል። ለጓደኛህ እየዋሸህ ነው አሉኝ። እውነት ለመናገር የጓጓሁባት አንዲት ቀን ብትኖር እሷ ነች፤ በእሷም አላመኑኝም። ከማል ደግሞ አፉን ከፍቶ ራሱን መከላከል ሲገባው ዝም ብሎ ቆሟል። ተናገር እንጂ አንተ ሰው አልኩት። ሀጂ ካላመኑ ቃሌ ምን ይጨምራል አለ።

ሀጂ ጣሃ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ከማልን ጎንበስ በል፣ አፍህን ክፈት፣ ተንፍስ አሉት። ያ ቁመቱ ዛፍ የሚያክል ሰውዬ ጎንበስ ብሎ በአማቱ አፍንጫ ላይ ተነፈሰ። ሀጂ አሸተቱ። እንደገና ተንፍስ አሉት። እንደገና አሸተቱ። «ቅርንፉድ ነው» አሉ። ቀጥሎ እኔን በጣታቸው ጠሩኝ። ተነፈስኩ። ሀጂ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱና «አስተግፊሩላህ» አሉ።

ያን ጊዜ አምነውኝ ጠየቁኝ፤ ታዲያ ለምን አመጣኸው? አንዴ ከተነሳሁ ላላቆም ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስለ ሰማያዊው ፈሳሽ፣ ስለ ስፒርቶው፣ ስለ ጨው ውሃው፣ ስለ ሀምዳና ልጆቹ፣ ሚሌ ላይ ጣሳ ይዘው ስለቆሙት ሴቶች። ይኼ ሰው ለመኪናው የሚረጭ ውሃ ሰው ሊጠጣው የማይችል ከሆነ አልጭንም ብሎ አበደ አልኳቸው፤ እኔንም አሳበደኝ አልኳቸው። ሌላው ሾፌር ሁሉ ላምባ አፍስሶበት ይሄዳል አልኳቸው። ክስ ነበር የማቀርበው።

ሀጂ ጣሃ ከማልን አዩት። «ለተጠማ ሰው ብለህ ነው?»

«ውሃ ነው ብሎ የሚከፍት ሰው አለ፣ ሀጂ» አለ ከማል።

ሀጂ ወደ እኔ ቀረቡ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጠርሙሱን ከእጄ ወሰዱት። እኔ ገደል ሊወረውሩት መሰለኝ። አልወረወሩትም። ነጩን ጥምጣማቸውን ፈቱ፤ አረቄውን መስታወቱ ላይ አንቆረቆሩት፤ በጥምጣማቸውም ከላይ እስከ ታች ጠረጉት። ውርጩ ቀለጠ፤ ስኳሩ ለቀቀ፤ ዝንቡ ወረደ። ሆድ ውስጥ ሲገባ ሐራም ነው፣ መስታወት ላይ ሲፈስ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ አዲስ አበባ ስገባ የሚያውቅ ሰው እጠይቃለሁ አሉ። ባዶውን ጠርሙስ መለሱልኝ። መስታወቱ ጠርቷል፣ ጁምዓም ገና አላለፈችም።

«በል ንዳ» አሉት።

ከማል መሪው ጋር ተቀመጠ። በጠራው መስታወት ወደ ፊት አየ። ከመስታወቱ ወዲያ ጉም ነው፤ ነጭ፣ የወፈረ፣ መንገዱን ከገደሉ የማይለይ ጉም። ቁልፉን ሳያዞር እጁን ከመሪው ላይ አነሳ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሀጂ» አለ። «መስታወቱ ጠራ እንጂ መንገዱ አልጠራም። ጉሙ እስኪነሳ እንቆያለን።»

እኔ ድንጋይ ላይ ዘፍ አልኩ። ሀጂ ጣሃም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሌላ አውቶቡስ አለፈን። ሌላ የጭነት መኪና አለፈን። አህያ ጭኖ የሚሄድ ገበሬ አለፈን፤ ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቀ፣ የሚመልስለት አጣ። ሀጂ ተነስተው ጋቢናው ድረስ ሄዱ፤ ጉሙ ከሳሳ እኮ ቆይቷል አሉት። ትንሽ ይቀረዋል አለ። ተመልሰው ተቀመጡ። ተነስተው ሄዱ። ይኼው ሳሳ አሉት። ቆዩ አላቸው። አማቱን ቆዩ አላቸው። ያ ሰው ለንጉሥም ቆዩ ይላል። ሀጂ ተመልሰው መጡ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ።

«ያ ረቢ» አሉ፣ «ሰኢዳ ይኼን ሰው ዕድሜ ልኳን እንዴት አድርጋ ትችለው ይሆን?»

ከማል ከጋቢናው ውስጥ ቀና አለ። እኔ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ሀጂም የተናገሩት ነገር የገባቸው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ መሰለኝ፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። የተናገሩትን መልሰው ሊያጥፉት አልቻሉም፣ ቃላቸው የሚከበረው መልሰው ስለማያጥፉት ነው። ከማል እያያቸው ነው። ዓይኑ እንባ አዝሏል።

«ምን ታየኛለህ?» አሉት ሀጂ። «ጉሙን እይ።»

ፀሐይ ከፍ ስትል ጉሙ ተነሳ፣ እኛም ተነሳን። ጁምዓ አለፈች። ሀጂ ደብረ ብርሃን አጠገብ መንገድ ዳር ወርደው የቀትሩን ሰላት፣ ዙህርን፣ ሰገዱ፤ ከማልም ከኋላቸው ሰገደ። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ ሀጂ ያነጋገሩት ሰው የለም፤ ኒካው በዚያው ዓመት ታሰረ። ሰርጉ ላይ እኔ የከበሬታ ቦታ ተሰጥቶኝ ተቀመጥኩ፤ ከመቀመጤ በፊት ግን ሀጂ ተንፍስ አሉኝ።

ይኸው ነው። ሁሉም እውነት ነው፣ ከአንዲት ነገር በስተቀር። ሀጂ ጣሃ መስታወቱን በጥምጣማቸው አልጠረጉትም። ጥምጣማቸው ከራሳቸው ፈቀቅ አላለም። «ሸሚዝህን አውልቅ» ነው ያሉኝ። አዲስ ሸሚዝ ነበር። በዚያ ውርጭ ደረቴን ለነፋስ ሰጥቼ ቆሜ ሳለ እሳቸው ምንም ሳይቸኩሉ ከጥግ እስከ ጥግ ጠረጉበት። ሽማግሌ ጥምጣሙን ፈትቶ ሲጠርግ ለሚያነብ ሰው ያምራል ብዬ ነው የለወጥኩት። ያንን ሸሚዝ መልሼ ለብሼ፣ አረቄ አረቄ እየሸተትኩ አዲስ አበባ ስንገባ፣ ኬላ ላይ ፖሊሱ ከመኪናው ያወረደው እኔን ብቻ ነው።